የበር ቁልፍ መለወጥና የይዞታ መብት፤ የኢየሩሳሌም የዴር ሱልጣን ገዳም ታሪክ

ሰው በቤቱ በር ቁልፍ ላይ የሚሠራው ሥራ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው እድሳት ነው፤ ይኸውም ዝገቱን ማስለቀቅ፣ የላላውን ብሎን ማጥበቅ፣ የደከመውን ሞላ በሌላ መተካት ነው። ሁለተኛው የቁልፉን አካል ሳይነቅሉ የውስጡን አሰላለፍ ለውጦ ለአዲስ መክፈቻ እንዲታዘዝ፣ ለአሮጌው ግን እንዳይታዘዝ ማድረግ ነው። ሦስተኛው አሮጌውን ከነአካሉ ነቅሎ በስፍራው ሌላ መትከል ነው። ሦስቱም ሥራዎች ካቻቢቴና ጥቂት ትዕግሥት ያለው ሰው በግማሽ ቀን የሚፈጽማቸው ናቸው፤ የቤቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ በማያጠራጥርበት ስፍራም ከባለቤቱ በቀር የሚያስተውላቸው የለም።

የቤቱ ባለቤትነት አከራካሪ በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ የሚያድሰው ሰው «ቤቱ የእኔ ነው» እንዳለ ይቈጠራል፤ የሚለውጠው ሰው ባላጋራውን ሳይነካው ከደጅ አስቀርቶታል፤ ነቅሎ የሚተክለውም ፍርድ ሳይጠብቅ ለራሱ ፈርዷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በኢየሩሳሌም በዴር ሱልጣን ገዳም በ1970 በትንሣኤ ሌሊት የተፈጸመውን የቁልፍ ለውጥ ከቀድሞው ታሪክ ጋር አያይዞ መመርመርና መክፈቻ መያዝ ምን ዓይነት መብት እንደሚያመለክት ማሳየት ነው። ዘመናቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ለንባብ ግልጽነትም በበሩ ላይ የተተከለው መሣሪያ «ቁልፍ»፣ በእጅ የሚያዘው «መክፈቻ» ተብሏል።

ስለ ስሞቹና ስለ ልማዱ

ይህን መለያየት ማድረግ ያስፈለገው በተራው የአማርኛ አነጋገር ሁለቱም ዕቃዎች ቁልፍ ስለሚባሉ ነው። ቃሉ «ቈለፈ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ የሚያመለክተው መዝጋትንና መያያዝን ነው፤ የሸሚዝ ማያያዣም በዚሁ ስም መጠራቱ ስለዚህ ነው። የግዕዙ ስም ግን በተቃራኒው መንገድ ሄዷል። መርኆ፣ በብዙ ቍጥር መራኁት፣ «ርኅወ» ከሚለው ግስ የወጣ ነውና መክፈትን ያሳያል። ለቅዱስ ጴጥሮስ የተሰጠው ሥልጣን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የተነገረው በዚሁ በመራኁት ስም ነው። ስለዚህ ያንኑ ዕቃ ግዕዙ ሲከፍት፣ አማርኛው ሲዘጋ አይቶ ሰይሞታል ለማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ሌላ መቀርቀሪያ፣ መወርወሪያ፣ መሸንጎሪያና ጓጉንቸር የሚባሉ ስሞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሰው በውስጥ ሆኖ በሩን የሚያግድባቸው ናቸው። መቀርቀሪያ ብቻ ያለው ቤት ባለቤቱ ውስጥ ሳለ ይጸናል፤ ባለቤቱ ሲወጣ ግን ጠባቂው ጎረቤት ነው። ጓጉንቸር የሚያስፈልገው ሰው ከቤቱ ርቆ ሳለ ቤቱን ለመዝጋት በፈለገ ጊዜ፣ ይልቁንም ለጓዳ፣ ለጎተራና ለሣጥን ነው። በገጠር ቤት የጓዳው መክፈቻ በእመቤቲቱ ዘንድ፣ በገዳም የእህል ቤቱ በመጋቢው ዘንድ፣ በደብር የዕቃ ቤቱ በኃላፊነት በተሾመው ሰው ዘንድ መቀመጡ የታወቀ ነው። ከእነዚህ አንዳቸውም መክፈቻውን ስለ ያዙ ብቻ የንብረቱ ብቸኛ ጌቶች አይባሉም። ኃላፊ ሲለወጥም ርክክብ የሚጀምረው በመክፈቻ ነው።

መክፈቻ የአገዛዝ ምልክት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ሐረርን በጐበኘ ጊዜ የከተማይቱ 5 በሮች በየማታው ተቈልፈው መክፈቻዎቹ ወደ አሚሩ እንደሚወሰዱና ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ከከተማው የሚወጣ እንደሌለ ጽፏል። በዚህ ሥርዐት መክፈቻው የአንድ ቤት ሳይሆን የአንድ ሕዝብ መውጫና መግቢያ ነው፤ የያዘውም ሰው ገዢው ነው።

እንግዲህ በአገር ልማድ መክፈቻ መያዝ ቢያንስ ሦስት ትርጓሜ አለው። አንደኛው አደራ፣ ሁለተኛው ሥልጣን፣ ሦስተኛው ይዞታ ነው። የዴር ሱልጣን ክርክር አስቸጋሪ የሆነበት ዋናው ምክንያት እነዚህ ሦስቱ ትርጓሜዎች በአንድ ስፍራ ተደባልቀው መገኘታቸው ነው።

የቁልፍ አሠራር እስከ ዘመናችን

ታሪኩን ለመረዳት የቁልፍን አሠራር በመጠኑ ማወቅ ያስፈልጋል። በምሥራቅ አገሮች ለብዙ ዘመን የኖረው የእንጨት ቁልፍ ነው። በዚህ ቁልፍ ተንሸራታቹ መወርወሪያ ከላዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ በላዩ ካለው ግንድ ትንንሽ ችካሎች በገዛ ክብደታቸው ወደ ቀዳዳዎቹ ወርደው ያግዱታል። መክፈቻው ልክ በችካሎቹ አኳያ የቆሙ ጥርሶች ያሉት እንጨት ነው፤ ከሥር ገብቶ ችካሎቹን ሲያነሣቸው መወርወሪያው ይሳባል። በግብጽ በፋዩም በምትገኘው በካራኒስ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1924 እስከ 1935 ባደረገው ቁፋሮ በሮማውያን ዘመን የነበሩ እንዲህ ያሉ ቁልፎችና መክፈቻዎች ተገኝተዋል። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 22 የዳዊት ቤት መክፈቻ በትከሻ ላይ የሚደረግ ሆኖ መነገሩን ብዙ ተርጓሚዎች የሚያስረዱት እንደነዚህ ባሉ ትልልቅ የእንጨት መክፈቻዎች ነው።

በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን የነገሠው ሌላ ዓይነት የብረት ቁልፍ ነው። በዚህኛው ጥበቃው የሚገኘው በውስጡ ከተተከሉ እንቅፋቶች ስለ ሆነ፣ እንቅፋቶቹን የሚያልፍ ቀጭን ሐሰተኛ መክፈቻ የሠራ ሰው ብዙ በሮችን ይከፍት ነበር። መሻሻል የመጣው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። በእንግሊዝ አገር ሮበርት ባረን በ1778፣ ጆሴፍ ብራማ በ1784 አዳዲስ አሠራር አስመዘገቡ። በ1817 በፖርትስመዝ የመርከብ ግቢ ስርቆት ከተፈጸመ በኋላ መንግሥት ከራሱ መክፈቻ በቀር የማይከፈት ቁልፍ ለሚሠራ ሰው ሽልማት አወጣ፤ ጀረማያ ቸብም በ1818 ሐሰተኛ መክፈቻ ሲሞከርበት ራሱን አግዶ የተፈጸመውን ለባለቤቱ የሚያስታውቅ ቁልፍ ሠራ። በ1851 በሎንደን ታላቁ ኤግዚቢሽን በተደረገበት ወራት አሜሪካዊው አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የቸብን ቁልፍ በ25 ደቂቃ፣ የብራማን ደግሞ በ16 ቀኖች ውስጥ 51 ሰዓት ደክሞ ከፈታቸው። እርሱ ይዞት የመጣው የዴይና የኒውዌል ቁልፍ ሌላ አዲስ ነገር ነበረው፤ ባለቤቱ የመክፈቻውን ጥርሶች ፈቶ በሌላ ተራ ሲያሰልፋቸው ቁልፉም ከአዲሱ ተራ ጋር ይስማማ ነበር። በዚህ ዓይነት ቁልፍን ሳይነቅሉ መክፈቻን መለወጥ ለባለቤቱ ለራሱ ተቻለ።

ይህን ነገር ለተራው ቤት ያደረሱት አሜሪካውያኑ የል አባትና ልጅ ናቸው። አባትዮው ሊነስ የል በ1848 አካባቢ የጥንቱን የችካል አሠራር ወደ ብረት መለሰው፤ ልጁ ሊነስ የል በ1861 እና በ1865 ባስመዘገባቸው ሥራዎች ዛሬ በየኪሱ የሚያዘውን ጠፍጣፋ ትንሽ መክፈቻና ሲሊንደሩን አስገኘ። የእንጨቱ ችካል በገዛ ክብደቱ ሲወርድ የነሐሱ ችካል በሞላ ይገፋል። እያንዳንዱ ችካል ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ የሁሉም መክፈያ በሲሊንደሩ ጠርዝ ላይ ይሰለፍና ሲሊንደሩ ይዞራል። አንዱ ችካል ከመስመሩ ቢዘል ወይም ቢጐድል ግን አይዞርም። ችካሎቹ 5 ቢሆኑና ለእያንዳንዱ 10 ልዩ ልዩ ቁመት ቢኖር በአሳብ ደረጃ 100,000 ዓይነት መክፈቻ ይገኛል፤ በተግባር ለመቅረጽ የማይመቹት ስለሚወገዱ ቍጥሩ ከዚህ ያንሳል።

ለዚህ ታሪክ አስፈላጊው ግን ብዛቱ አይደለም። ሲሊንደሩ ተስቦ ወጥቶ የታችኞቹ ችካሎች በሌሎች ቁመቶች ከተተኩ ቁልፉ በውጭ ሲታይ ያው የትናንትናው ነው፤ መዝጊያው አልተነካም፣ እጀታው አልተለወጠም። አሮጌው መክፈቻም ገብቶ ሳለ አይዞርም። ሙሉ ቁልፍ ተነቅሎ በሌላ በተተካም ጊዜ ውጤቱ ያው ነው። የቀድሞው ባለመክፈቻ የተወሰደበት ዕቃ የለም፤ መክፈቻው በእጁ አለ፤ ያጣው የመክፈቻውን ኃይል ነው። በጥንት ጊዜ ቤት ለመንጠቅ ሰውየውን ማስወጣት ወይም መክፈቻውን መቀማት ያስፈልግ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ሰውየው ለጥቂት ሰዓት ዘወር ማለቱ ይበቃል።

በቅዱሳት መካናት የጸናው ሥርዐት

በኢየሩሳሌምና በቤተ ልሔም ያሉት ታላላቅ ቅዱሳት መካናት በብዙ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የተከፈሉ ስለ ሆኑ የቱርክ ሱልጣኖች በ1757 እና በ1852 ባወጡት ትእዛዝ እያንዳንዱ ወገን በያዘው ስፍራ ጸንቶ እንዲኖር ተወሰነ። ይህ «ስታተስ ኮ» የሚባለው ነባር ሥርዐት በ1856 በፓሪስ ውል፣ በ1878 በበርሊን ውል በመንግሥታት ዘንድ ታውቋል። የኢየሩሳሌም የእንግሊዝ ባለሥልጣን የነበረው ከስት በ1929 ባዘጋጀው መግለጫ እንዳስረዳው፣ በዚህ ሥርዐት ጣራን ወይም ወለልን ለማደስ የተፈቀደለት ወገን የስፍራው ብቸኛ ባለይዞታ እንደ ሆነ ይቈጠራል፤ ፋኖስ መስቀል ወይም ሥዕል ከቦታው ማንቀሳቀስም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በሌላ ስፍራ የባለቤት ግዴታ የሆነው እድሳት በዚህ ስፍራ የባለቤትነት ማስረጃ ሆነ፤ ማስረጃ በመሆኑም ባላጋራው ሊከለክለው የሚገባ ነገር ሆነ።

መክፈቻም ከዚህ ያነሰ ክብደት አልነበረውም። በታኅሣሥ 1852 በቤተ ልሔም የልደት ቤተ ክርስቲያን የዋናው በር መክፈቻ ለላቲኖች መሰጠቱ ሩሲያን እጅግ አስቈጣ፤ በቅዱሳት መካናት ላይ የተነሣው ጠብም ከ1853 እስከ 1856 ለተደረገው የክሪሚያ ጦርነት ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ።

በራሱ በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ግን ሌላ ሥርዐት ይታያል። የዋናውን በር መክፈቻ የሚጠብቁት የጁዴህ፣ በሩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት የኑሴይባ ቤተ ሰቦች ናቸው፤ ሁለቱም እስላሞች ናቸው። አገልግሎታቸው ከሳላሐዲን ዘመን፣ ማለት ከ1187 በኋላ እንደ ጸና ይተረካል፤ የኑሴይባ ቤተ ሰብም ከዚያ አልፎ እስከ ኸሊፋ ዑመር ዘመን ያደርሰዋል። መክፈቻውን ስለ ያዙ ቤተ ክርስቲያኑ የእነርሱ ነው ያለ ወገን የለም። መክፈቻው በእነርሱ እጅ የተቀመጠው የክርክሩ ተካፋዮች ስላልሆኑ ነውና ይህ መያዝ በአገር ቋንቋ አደራ የሚባለው ነው።

ዴር ሱልጣን

የዴር ሱልጣን ገዳም የሚገኘው በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ፣ ከቅድስት ዕሌኒ ቤተ ጸሎት በላይ ነው። ከታች ብርሃን የሚያስገባው ጉልላት በግቢው መካከል ብቅ ብሎ ይታያል፤ በዙሪያውም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሚኖሩባቸው ዝቅተኛ ጎጆዎች አሉ። ከግቢው ወደ ቅዱስ መቃብር አደባባይ የሚያወርደው መንገድ በሁለት ቤተ ጸሎቶች ውስጥ ያልፋል፤ የላይኛው የአርባዕቱ እንስሳ፣ የታችኛው የቅዱስ ሚካኤል ነው። በመንገዱ ሁለት ጫፍ፣ ማለት በላይና በታች፣ በሮች አሉ። የ1970 ነገር የሚመለከተው የእነዚህን በሮች ቁልፎች ነው።

የገዳሙን ስም በሚመለከት ሁለቱ ተከራካሪዎች የየራሳቸው ትውፊት አላቸው። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሱልጣን የተባለው ንጉሥ ሰሎሞን ነው፤ ስፍራውም ለንግሥተ ሳባ የተሰጠ ነው ይባላል። በግብጻውያን ዘንድ ግን ስሙ ገዳሙን ለእነርሱ የሰጠውን የእስላም ገዢ ያመለክታል፤ ኢትዮጵያውያኑም በእንግድነት የተቀበሏቸው ወንድሞች ናቸው። ኢትዮጵያውያን በኢየሩሳሌም ለብዙ መቶ ዓመታት መኖራቸው፣ ቀድሞ በቅዱስ መቃብር ውስጥ የነበሯቸውን ስፍራዎችም በቱርክ ዘመን ግብር መክፈል እየተሳናቸው ማጣታቸው ይታወቃል። የቀራቸው መጠጊያ ይህ ጣራ ነበር።

የክርክሩ ሥር የሚገኘው በ1838 ነው። በዚያ ዓመት፣ ፍልስጥኤም በግብጹ በመሐመድ ዐሊ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ ወረርሽኝ ገብቶ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተረፉት እጅግ ጥቂቶች ሆኑ። መጻሕፍታቸውና ሰነዶቻቸውም በሽታ ያስተላልፋሉ ተብሎ ተቃጠሉ። ኢትዮጵያውያን ይህን የፈጸሙት ባላጋራዎቻቸው እንደ ሆኑ ይናገራሉ። አድራጊው ማንም ይሁን ማን ውጤቱ አንድ ነው፤ የቆየ መብትን የሚያስረዳ ወረቀት ጠፋ። ወረቀት የጠፋበት ማኅበር የሚቀርበት ምስክር መኖሩና በእጁ ያለው መክፈቻ ነው። መነኮሳቱ በገዳሙ መኖራቸውን ቀጠሉ፤ መክፈቻው ግን በእጃቸው አልጸናም።

ከዚያ ወዲህ በ19ኛው መቶ ዓመት መካከል የተደረገው ክርክር በአብዛኛው ስለ መክፈቻ የተደረገ ክርክር ነው። ቀድሞ በኢትዮጵያ የሚሲዮን መልእክተኛ የነበረውና ከ1846 ጀምሮ በኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት፣ የእንግሊዙ ቆንስል ጀምስ ፊንም ኢትዮጵያውያንን ይደግፉ ነበር። ኢትዮጵያ በስፍራው የራሷ ቆንስል ስላልነበራት የመነኮሳቱ ዕድል በባዕዳን በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በ1860ዎቹ ዓመታት መክፈቻው በግብጻውያን እጅ ጸና። ዐፄ ዮሐንስ ከከተማው ቅጥር ውጭ ያስጀመሩትና በ1893 በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ማንም የማይከራከርበት መጠጊያ ሆነ፤ የዴር ሱልጣንን ጥያቄ ግን አልዘጋውም። ዐፄ ምኒልክም ስለ ጉዳዩ ወደ ቁስጥንጥንያ መልእክተኞች ልከዋል።

የሚቀጥለው ታላቅ ለውጥ የሆነው ከተማይቱ በዮርዳኖስ መንግሥት ሥር ሳለች ነው። በየካቲት 1961 ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው ጉባኤ ለኢትዮጵያውያን ፈረደና መክፈቻዎቹ ተሰጧቸው። ከግብጽ በኩል ብርቱ ተቃውሞ ስለ ተነሣ ግን ውሳኔው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ታገደና መክፈቻዎቹ ወደ ግብጻውያን ተመለሱ። ይህ አጭር ጊዜ በሁለቱም ወገን ልብ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። ኢትዮጵያውያን መብታቸው በመንግሥት ጉባኤ ተመርምሮ እንደ ታወቀላቸው ይጠቅሱታል፤ ግብጻውያንም ስሕተቱ ወዲያው እንደ ታረመ ይጠቅሱታል።

የ1970 የትንሣኤ ሌሊት

በ1967 በተደረገው ጦርነት አሮጌይቱ ከተማ በእስራኤል እጅ ገባች። በሚያዝያ 25 ቀን 1970፣ በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት፣ ግብጻውያን መነኮሳት ከታች በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን በጸሎት ላይ ሳሉ፣ ኢትዮጵያውያን በመንገዱ ሁለት ጫፍ ያሉትን በሮች ቁልፎች ለወጡ። የእስራኤል ፖሊስ በስፍራው ነበረ። ግብጻውያን ከጸሎት ሲመለሱ የያዙት መክፈቻ በሩን አልከፈተላቸውም። የቀድሞው ይዞታ እንዲመለስላቸው ቢጠይቁም ፖሊስ አልመለሰላቸውም።

የግብጻውያን ሊቀ ጳጳስ ለእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 1971 የሰጠው ውሳኔ ሁለት ነገሮችን ይለያል። ገዳሙ በእውነት የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ሊፈርድበት ሥልጣን እንደሌለው አስታወቀ፤ እንግሊዞች በ1924 ያወጡት ትእዛዝ በቅዱሳት መካናት ላይ የሚነሣውን የመብት ክርክር ከፍርድ ቤቶች አውጥቶት ነበርና። ይሁን እንጂ እስከዚያች ሌሊት ድረስ መክፈቻውን የያዙት ግብጻውያን መሆናቸው የተረጋገጠ ስለ ሆነ፣ ማንም በገዛ እጁ ይዞታን ሊለውጥ እንደማይገባውና ነገሩ ወደ ቀድሞው ሁኔታ እንዲመለስ ወሰነ። ስለ መብቱ የመወሰኑን ሥልጣን ግን ለመንግሥት ተወ፤ መንግሥቱም ጉዳዩን ለሚኒስትሮች ኮሚቴ አስተላልፎ ያለው ሁኔታ ባለበት እንዲቆይ አደረገ። ግብጻውያን በ1977 ዳግመኛ አቤት ቢሉም ለውጥ አልመጣም። የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በ1980 ምእመናኑ ወደ ኢየሩሳሌም እንዳይሳለሙ ሲከለክል ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነበር። ሁለቱ ቤተ ጸሎቶች እስከ ዛሬ በኢትዮጵያውያን እጅ ናቸው።

የሦስቱ ሥራዎች ትርጓሜ

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ነገሩን ለመመዘን የሚቻለው ሁለት ጥያቄዎችን በመለየት ነው። አንደኛው «መክፈቻው በማን እጅ ነበረ?» የሚለው የድርጊት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «በማን እጅ ሊሆን ይገባ ነበር?» የሚለው የመብት ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያውያን ክርክር በሁለተኛው ላይ ይጸናል፤ ከ1838 በፊት የነበረው ይዞታ፣ የሰነዶቹ መቃጠልና የ1961 ውሳኔ ሁሉ የሚያስረዱት ስለ መብት ነው። የግብጻውያን ክርክር በመጀመሪያው ላይ ይጸናል፤ ከመቶ ዓመት በላይ መክፈቻውን መያዛቸው የማይካድ ነው። ፍርድ ቤቱም የመለሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ የ1971ን ውሳኔ እንዳልነበረ አድርጎ ቢያልፈው፣ ግብጻዊ ጸሐፊም ያን ውሳኔ የባለቤትነት ፍርድ አድርጎ ቢያቀርበው፣ ሁለቱም ከእውነት ይርቃሉ።

ይሁን እንጂ «መክፈቻውን የያዘ ባለቤት ነው» የሚለው አነጋገር በራሱ በቅዱስ መቃብር ሥርዐት የሚፈርስ ነው። በአንድ ሕንጻ ሁለት በሮች ላይ መክፈቻ መያዝ ሁለት ትርጓሜ ይዞ ይገኛል። በታችኛው በር የጁዴህ ቤተ ሰብ መያዝ አደራ ነው፤ በላይኛው በር የግብጻውያን መያዝ ይዞታ ነው ተባለ። ልዩነቱ የመጣው ከመክፈቻው አይደለም፣ ከያዡ ነው። ያዡ ከክርክሩ ውጭ ሲሆን መክፈቻው ሁሉን ያገለግላል፤ ያዡ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሲሆን ግን ያው መክፈቻ በየቀኑ የሚጻፍ የባለቤትነት ማስረጃ ይሆናል። በ1838 የተጀመረው ችግር መክፈቻው ከኢትዮጵያውያን እጅ መውጣቱ ብቻ ሳይሆን በአደራ ሊጠብቀው ለሚችል ሦስተኛ ወገን አለመሰጠቱም ነው።

የቁልፍ ለውጥ ኃይልም ወሰን አለው። አዲስ ቁልፍ የተከለ ወገን በሩን ያዘ እንጂ ክርክሩን አልዘጋም። ከዚህም በላይ በዚያች ሌሊት የተለወጠው ነገር ተከራካሪዎቹ ስለ መክፈቻ የሚናገሩትን ቃል ገለባበጠው። ከ1970 በፊት ኢትዮጵያውያን «መክፈቻ መብት አይሆንም» ለማለት ይገደዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያን ቃል ለመናገር የተገደዱት ግብጻውያን ናቸው። አንድ ማስረጃ በያዘው ሰው ልክ የሚዘረጋና የሚሸበሸብ ከሆነ የማስረጃነቱ ክብደት ትንሽ ነው።

በመጨረሻም የእድሳት ነገር አለ። በመስከረም 2017 ከቅዱስ ሚካኤል ቤተ ጸሎት ጣራ ድንጋይ ወደቀ። በሌላ ቤት ይህ የግንበኛ ጉዳይ ነው። በዚህ ስፍራ ግን የሚያድሰው ወገን እንደ ባለይዞታ ስለሚቈጠር ሁለቱም ማደስ ፈለጉ፣ ሁለቱም የሌላውን እድሳት ተቃወሙ። በጥቅምት 2018 የእስራኤል መንግሥት በራሱ የጥንት ቅርሶች ባለሥልጣን አማካይነት ሥራውን ሲጀምር ግብጻውያን መነኮሳት በበሩ ቆመው ተቃወሙ፤ ፖሊስም ከስፍራው አስነሣቸው፤ አንድ መነኩሴም ተያዘ። ለጸሎት የሚገቡት ሰዎች ደኅንነት ከአንድ ዓመት በላይ የዘገየው ድንጋይና ኖራ ጠፍቶ ሳይሆን ድንጋዩን የሚያነሣው እጅ የማን ይሁን በሚል ክርክር ነው።

ሦስቱ ሥራዎች፣ ማደስ፣ ለአዲስ መክፈቻ ማስማማትና ነቅሎ መተካት፣ በሰላም ቤት ባለቤቱ ለቤቱ የሚያደርገው እንክብካቤ ናቸው። በዴር ሱልጣን ግን ሦስቱም ለባላጋራ የሚነገሩ ቃላት ሆነዋል። ቃላቱን በትክክል ለማንበብ ገና የሚሠራ ብዙ ጥናት አለ። በኢየሩሳሌም የሸሪዓ ፍርድ ቤት መዝገቦችና በቁስጥንጥንያ የመንግሥት መዛግብት ስለ መክፈቻዎቹ የተጻፈው ከኢትዮጵያና ከግብጽ ገዳማት ትውፊት ጋር ጎን ለጎን ሊነበብ ይገባዋል፤ በገዳሙ ያረጁ መነኮሳት በቃል የሚያስታውሱትም ሳያልፍ ሊመዘገብ ይገባዋል። በ1838 የተቃጠለው ወረቀት አይመለስም፤ በሕይወት ያለው ምስክርነት ግን በቸልታ እንዲጠፋ የሚያስገድድ ወረርሽኝ የለም።